መሳል

ዛብርዶ መንደራችን፣ አሥራ ሁለት ጭስ ናት፣
ሶቻ ወንዝ ከእግሯ ሥር አረንጓዴ ሆኖ የሚሮጥባት።

እኔ ሣር አጫጅ ነኝ፣ ዬራ ቀለም ነካሪ፣
ባንድ አጥር ተጎራባች፣ ባንድ መስክ ተከራካሪ፤
እኔ ማጭድ እስላለሁ፣ እሷ አበባ ትስላለች፣
ሞረዴ ሲፋጭ ስትሰማ ከበሯ ብቅ ትላለች፦
«ነገ እጨድ፣ የኔ ጌታ፣ ዛሬ አልጨረስኳትም፣
ይቺ ሰማያዊ እንደሁ ሁለቴ አትፈካም።»
ሰማያዊዋ ስም የላት፣ ወይ እኛ አናውቅላት፣
ከድንጋይ ሥር ወጥታ አሥር ቀን ነው ዕድሜዋ ቢበዛላት።

ነገ ደግሞ ዝናብ፣ ከነገ ወዲያ ጤዛ፤
ሣሩ ገለባ ሆነ፣ ጊደሬም ቆመች ፈዛ።
ሚስቴ አንድ ማታ «ንገረኝ» አለች፣ «እውነቱን አውራ፣
ማጭድህን የደበቀው አበባው ነው ወይስ ዬራ?»
ምን ብዬ ልመልስ፤
ሾርባዬን ጠጣሁ እስክጨርስ።

ሸራ አታውቅም ዬራ፤ መሳያዋ ጣውላ ነው፣
ስንዝር የማይሞላ፣ የንብ ቀፎ ደጅ የሚዘጋው።
አያቶቻችን እዚያ ላይ ቅዱሳን ይስሉ ነበር፣
ወይ ድብ፣ አዳኙን ቀብሮ ሙሾ ሲያወርድ ከዱር።
እሷ ግን ማገጥ ሳለች፣ ጦስኝ፣ ኮሸሽላ፣
ከመንገድ ዳር ረግጠን የምናልፈውን ሁላ።
ቢጫውን ከእንቁላል አስኳል፣ ቀዩን ከጡብ ዱቄት አመጣች፣
ሰማያዊው ላይ ግን ዓመት ሙሉ ተቀጣች፤
አንዴ ጠቆረባት፣ አንዴ እንደ አጓት ነጣ፣
«ይሄ ሰማይ» ትላለች፣ «ቀለሜን ይዞት ወጣ።»

ከሉብልያና አንድ ሰው መጣ፣ ኮቱ የተተኮሰ።
«ይሸጡልኝ» አለ፣ «እነዚህን ጣውላዎች።»
«ጠይቅ» አለች ዬራ፣ «ውስጥ አሉ ባለቤቶች።»
ጠየቀ።
መልሱን በከንፈሩ ይዞ፣ አብጦ፣ ቁልቁል ዘለቀ።

ዘንድሮ በረዶው ደጃፋችንን ሲዘጋ፣
«ዬራ ትስላለች» አሉኝ ሰዎች፣ «ሌሊቱ እስኪነጋ።»
ደስ አለኝ፤ ያቺን ሰማያዊ በመጨረሻ ያዘቻት ብዬ፤
ሳሉን የለየሁት በሯ ላይ ነው፣ የፈለጥኩላትን እንጨት አዝዬ።

ሚያዝያ ላይ ጸጥ አለ።

ሰኔ ሲጋመስ መስኩ እስከ ጉልበቴ ደረሰ፣
«ነገ» የሚለኝ የለም፤ ሞረዴን አነሳሁ፣
እጄ ግን ወደ ኪሴ ተመለሰ።
ቀፎዎቹ ጋ ሄድኩ። ከታች፣ ከጥግ በኩል፣
አንድ አዲስ ጣውላ አለ፣ ቀለሙ ያልደረቀ የሚመስል፤
የኔ ማጭድ ነው፤ እጀታው የተሰነጠቀው ሳይቀር፣
በገመድ የጠመጠምኩት፣ ልክ እንዳለ፣ እንደነበር።
ስለቱ ላይ ያቺ ሰማያዊ ፈክታለች፣ ሙሉ፤
ንቦቹ ሲመለሱ፣ አፍታ እዚያ አርፈው፣ አሽትተው ያልፋሉ።

ስለት ነው በርግጥ፤
የማጭዱ ይሁን የሷ፣ እኔ አልቆርጥ።