የሳቤላ አውራ ጣት

ማልፒካ ወደብ ላይ፣ ከግንቡ ሥር ጥላ፣
መረብ ትጠግናለች ቁጭ ብላ ሳቤላ።
ሁለት እጇ ሥራ ላይ፤ ወጥሮ የሚይዝላት
የግራ አውራ ጣቷ ነው፣ ጥፍሩ የከዳት።

ሃያ ዓመት አብረው ኖረዋል፣ እሷና ሶርያሲስ፤
ቅርፊቱ ክርኗ ላይ ሲከመር፣ ጉልበቷ ላይ ሲፈርስ፣
ጥፍሯ በመርፌ የተወጋ መስሎ ሲበሳሳ፣
«እሱ ነው» ትላለች። ሌላ ማንን ልታነሳ?
ቢጫ ሆኖ ሲወፍርም፣ እንደ አሮጌ ሰም ሲፈረፈር፣
ያንኑ ቅባት ቀባችው፣ ያንኑ ስም ጠርታ ስታማርር።

ኡሺያ፣ የጤና ጣቢያዋ ወጣት ሐኪም፣
ጎንበስ ብላ አየችው፤ በዓይን ብቻ አላመነችም።
ቆረጠች ከጫፉ፣ ፋቀች ከሥር ዱቄት፣
ላከች በብልቃጥ።
አራት ሳምንት ጥበቃ፤
ለአንድ ቁራጭ ጥፍር የአንድ ወር ችሎት።

መልስ መጣ። «ሁለት ናቸው፤
አንድ ስም ነው የሸፈናቸው።
ፈንገሱ የገባው በቀደመው ስንጥቅ በኩል ነው፤
ለአንዱ የቀባሽው ቅባት ለሌላው ቀለቡ ነው።»

ሳቤላ ሳቀች። «ለካ ተከራይ አስገብቶብኛል
ያ አሮጌ ባለቤቴ!
ኪራዩን ግን ማን ይከፍለኛል?»

ክኒኑ ሦስት ወር፣ ጥፍሩ ዓመት ይፈጃል፤
ጀልባው ግን ነገ ነው፤ ዓሣው አይጠብቅም፣ ይሄዳል።
ካልሲዋን አጠበች፣ ጫማዋን ፀሐይ ላይ አሰጣች፣
ቀኝ እግሯን ዘረጋች፤
ያልለመደው አውራ ጣት መረቡን ሲይዝ እየተንቀጠቀጠ፣
እንደ ልጅ ተቆጣችው፦
«አጥብቅ እንጂ፣ አመለጠ!»