ባለ ሦስት እግር

ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ሲንጀሬን ሸፍኜ፣
የጋዙን፣ የፋሻውን ቦርሳ በትከሻዬ ጭኜ፣
ከሄርማታ ተነሥቼ፣ አዌቱን ተሻግሬ፣
በክረምት በጭቃ፣ በበጋ በአቧራ፣ በእግሬ፣
ከአባ ራያ ደጅ እደርሳለሁ፣ ከዋንዛው ፍልጥ መሐል።
«መጣሽ?» ይሉኛል። «መጣሁ።» ሌላ ሰላምታ ምን ያደርጋል?

ሦስት ቀን ነው የሠለጠንኩት፤ ሐኪም አይደለሁ።
ሰደርያው ሰፍቶኝ ራሴው አጠበብኩት፤ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ እሱን አውቃለሁ።
ደም በምን እንደሚቆም፣ ስብራት በምን እንደሚታሰር፣
የሄደ እስትንፋስ እንዴት እንደሚጠራ፣ በስንት ቁጥር፣
ያስተማሩን ሲስተር አምሳለ ናቸው፣ ጡረታ የወጡ፤
ከቁጣቸው ግን ገና ያልወጡ።
«እጅሽን ታጠቢ! ከቁስሉ በፊት እጅሽን!
ልብሽን ኋላ ታመጪዋለሽ፤ አሁን ሳሙናሽን!»

የአባ ራያ እግር፣ የስኳር ነገር፣ ከአውራ ጣት ነው የጀመረ፤
የጥርብ ስንጥር ወጋቸው፣ አልተሰማቸውም፤ ጫማ ውስጥ ከረመ፣ ኖረ።
ሰባት ወር ሙሉ ከመሬቱ ላይ ተንበርክኬ አጠብኩ፤
የቁስሉን ወርድ በልብስ ሜትር ከበላዩ ለክቼ፣ በደብተር ጻፍኩ።
ሦስት ጣት። ሁለት ተኩል። ሁለት።
ደስ አለን።
ከዚያ ደግሞ ሦስት።
እሳቸው ጣራ ጣራውን ያያሉ፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤
እኔ ፋሻ እጠቀልላለሁ፤ ዝንብ ይመጣል፣ ይባረራል፣ ይመጣል።
አንድ ቀን ብቻ ስነሣ፣ ጉልበቴን ሳሸው አዩኝ፤
ምንም አላሉም። እንደ እንጨት በዓይናቸው ለኩኝ።

ሐምሌ ላይ ጣቱ ጠቆረ።
ሜትሬን አጠፍኩ፤ ይህ የእኔ ሥራ አልነበረም፤
«እዚህ ላይ ይብቃሽ» የሚለውን ትምህርት ሲስተር አልዘለሉትም።
የነዚፍን ባጃጅ ጠራሁ። ሒሳብ አልጠየቀም። ከጎኔ ደገፍኳቸው፤
እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ የመንገዱን ጉድጓዶች አንድ በአንድ ረገሟቸው።

ተቆረጠ። ከቁርጭምጭሚት በላይ።

ቤቴ ገብቼ ሦስት የተማሪ ዩኒፎርም ሰፋሁ፤
የሁሉም እጅጌ ተገልብጦ ወጣ። ፈታሁ።
«ሰባት ወር ምን ሠራሁ?» አልኳቸው ለሲስተር። እሳቸውም
«ጉልበቱን አተረፍሽ» አሉኝ፤ «እጅሽን ታጠቢ» አሉኝ ደግሞም።

መስከረም ጠባ። ማክሰኞም አልቀረም።
ከደጃፋቸው አንድ በርጩማ ቆሟል፤ አጭር፣ የዋንዛ፣ ገና ያልተቀባ፤
መላጊያው የተወው ሽታ ከነሕይወቱ አፍንጫዬ ገባ።
«ለማን ነው?»
«መሬት ለምትንበረከክ ልጅ። ቁመትሽን በዓይኔ ይዤው ነበር፤
አራት እግር ያለው በጎርባጣ መሬት ይነቃነቃል፤ ይሄ ግን ዝንፍ አይል፣ ሞክሪው፣ ምን ቸገር!
የኔ አንድ፣ የሱ ሦስት፤ ደምሪው እስቲ፤ አራት!
አየሽ? በሬ ወጣን እኮ!» ብለው ሣቁ፤ ሳል እስኪይዛቸው ድረስ፣ በእውነት።

ፋሻውን ፈታሁ። ጠባሳው ደርቋል፤ ዳር ዳሩ ብቻ ቀላ ብሏል።
ተቀመጥኩ።
እጄን ታጥቤያለሁ።