ቦራው እምቢ ያለ ዕለት

አምስት ራስ ቀይ ሽንኩርት በጫማ ካርቶን፣
ጋዜጣ አንጥፌ፣
ሰምሃል ከኋላ እንደ እንቁላል አቅፋ፣
እኔ በጭጋጉ ድልድዩን አልፌ፣
ገባን ከመንደሯ፤ ከለነንበርግ ማዶ፣ ወንዙ ከሚታጠፍ።
ጸጉሩ ካሮት የመሰለ ጎረምሳ በር ቆሞ
«አምስት ዶላር» አለ፣ «ለሕፃን በነፃ፤
መኪናህን እዚያ፣ ከፈረሶቹ ራቅ፤
ትናንት አንዱ ደንብሮ መስተዋት ሰብሯል።»

አዳራሹ ፖም ፖም ይሸታል።
ዱባው እንደ ጥጃ ተዘርሮ ተኝቷል፣
ድንቹ ታጥቦ ታሽቶ በሳህን ተሰልፏል፣
ማርማላታው መስኮት ዳር ብርሃን ተጎንጭቷል።

ወይዘሮ ሞስማን፣ ሰማንያ ያለፋት፣ የአርባ ዓመት ዳኛ፣
ሽንኩርቴን አነሣች፤
ጫን አለች፣ አሸተተች፣ ገልብጣ አየች፣
ከኪሷ ማስመሪያ አወጣች።
«ያምራል» አለች፤ ቀጥላም «ግን» አለች።
«አንገቱን አሳጥረህ ቆርጠኸዋል፣ ልጄ።
ደንቡ ሁለት ጣት ነው፤ ያንተ አንድ ተኩል።»
ግማሽ ጣት!
የአምስት ወር አረም፣ የአምስት ወር ኩትኳቶ፣
ሌሊት በባትሪ የለቀምሁት ቀንድ አውጣ፣
ሁሉም በግማሽ ጣት ከውድድር ወጣ።
ሰምሃል በሳቅ ሞተች፤
«አባዬ፣ ጸጉር ቆራጭ ሆንህባቸው እኮ!»

ከቀትር በኋላ ሰማዩ ተገለጠ።
ሰው ሁሉ አጥር ተደግፎ፣ ኮምጣጤ የነካው ድንች ጥብስ ይዞ፣
የበሬ ትግል ያያል።
ትግሉ በሬ ከበሬ አይደለም፤ ከሲሚንቶ ጋር ነው።
ጡቡ ተንሸራታች ላይ እየተከመረ
ሦስት ጫማ ብቻ ይጎትቱታል። ቆሙ። ተለካ።
ደግሞ ተጨመረ።
«ወዴት ነው የሚወስዱት?» አለች ሰምሃል።
«የትም።»
«ታዲያ ለምን?»
ድንች ጎረስሁ።

ሲገቡ ቃጭላቸው ቀደማቸው።
ግንባራቸው ላይ የልብ ቅርጽ ያለው ቆዳ፣ ነሐሱ የተወለወለ፤
ቀንበሩ ጫንቃቸው ላይ አይደለም፣
ከቀንዳቸው ሥር በጠፍር ተጠፍንጓል፤
ራስ መነቅነቅን እንኳ ለሁለት ተካፍለውታል።

ወንደል ቬይኖት፣ ተራውን ሲጠብቅ፣
ካርቶኔንም መልኬንም አይቶ
«ከየት ነህ?» አለኝ።
«ከኢትዮጵያ።»
«እንግዲያማ በሬ ታውቃለህ!»
ዝም አልሁ። ዝምታ ውሸት ከሆነ፣ ዋሸሁ።
በግራ የተጠመደውን፣ ፊቱ ነጩን፣ አሳየሁት፦
«እኛ ይሄን ቦራ እንለዋለን።»
«ቦ—ራ» አለ፣ ቃሉን እንደ ሣር አላምጦ።
«ስሙ ላየን ነው። ይሁን፤ ሁለት ስም አይከብደውም።»

አራተኛው ጭነት።
ሰንሰለቱ ጠጥሮ፣ ጉልበታቸው ታጥፎ፣
ሰኮናቸው አፈሩን ገምሶ፣
ተንሸራታቹ አንድ ስንዝር ሄደ፤
ከዚያ ቦራ ቆመ።
የደከመው አይመስልም። ጆሮውን ወደ ኋላ ጣል አድርጎ
ቆመ፣ ቤቱ የሆነ ነገር እንደ ረሳ ሰው።
ሕዝቡ ጮኸ። ድምፅ ማጉያው ሰከንድ ቆጠረ።
ወንደል አርጩሜውን ብብቱ ከተተና
ጎንበስ ብሎ ሰንሰለቱን ፈታ፣
ሽልማቱ ሁለት ጫማ ሲቀረው።
በአጠገቤ ሲያልፍ «ዛሬ አልፈለገም» አለ፤ ሌላ አልጨመረ።

ሲመሽ ከመኪናው ጀርባ አገኘናቸው።
ላየን የሚሉት ቦራ ያመሰኳል።
ላጽናና ብዬ፣ ማንን እንደሆነ እንጃ፣
ትልቁን ሽንኩርት ወደ አፉ ሰደድሁ።
ወንደል እጄን ያዘ፣ አጥብቆ፣ እንደ ሕፃን እጅ፦
«ሽንኩርት በሬ ያሳምማል!»
አየኝ። ቆይቶ ደግሞ አየኝ።
«ከየት ነው ያልኸኝ?»
«ከድሬዳዋ» አልሁ፣ «ከባቡር ጣቢያው ጀርባ።
በሬ የማውቀው ልኳንዳ ቤት ነው፤ ተሰቅሎ፣ ያለ ቀንድ፣ ያለ ስም።»
ሰምሃል ጫማዋን አየች።

ሰውየው አልሳቀም።
ሽንኩርቱን ተቀብሎ በሰንጢ ልጦ
እንደ ፖም ገመጠው።
ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሁለተኛ ገመጠ፣
የቀረውን ወደ እኔ ዘረጋ።