ውሃ ቢወቅጡት

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ በላልኮራ ፋብሪካ፣
የወለል ሸክላ ሳበስል፣ ሙቀት በዓይን ስለካ፣
አለቃው መርፌውን፣ እኔ ፍሙን አይቼ፣
ማን እንደሚሳሳት ታውቁታላችሁ፤ አላወራም ረትቼ።

የጋዝ ዋጋ ናረና፣ በሩ ተቆለፈ።
ምድጃው ሊበርድ ሦስት ቀን ፈጀበት፤ በአራተኛው አረፈ።

ከቫሌንሲያ ደወለች ልዬዶ፣ የእህቴ ልጅ፦
«አጎቴ ረሚጂ፣ ዲግሪ ሞልቶናል፤ ያጣነው የእሳት ወዳጅ።»

ነጭ ካፖርት ሰጡኝ፤ እጅጌው አጠረኝ።
ባሪየም፣ ዚርኮኒየም፣ ኢትሪየም እያለች ስም አስጠናችኝ፤
ሦስት ዱቄት፣ ሦስቱም ነጭ፤ አይለዩም በዓይን፣
ሚዛኑ ግን ያውቃል፤ ጠጋ ስትል ይቆጥርብሃል ትንፋሽህን።

ከአልኮልና ከኳሶች ጋር ጋኗ ውስጥ ዘጋችው፣
ሃያ አራት ሰዓት ሙሉ ሞተሩ እንዲወቅጠው።
ሌሊቱን ሲንኳኳ፣ ሲንኳኳ ሰማሁና፣
«ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ» አልኩ፤ ነገም ያው ነውና።

ደረቀ፤ ተጠበሰ፤ እንደገና ተፈጨ።
በብረት ጨምቀን አወጣነው፣ እንደ አንድ ዩሮ ሳንቲም፤
ገና ጥሬ ነው፤ ጥፍር ቢነካው ይፈርሳል፤ አይታመንም።

«ስንት ዲግሪ?» አልኳት። «አንድ ሺህ ስድስት መቶ።»
የእኔ ሸክላ ሺህ መቶ ላይ ያበራል፣ ተኳኩሎ ተቀብቶ።

ምድጃዋ ማቀዝቀዣ ታህላለች፤ ነበልባል የላት፤ የላት ጭስ፤
ማያ ቀዳዳ እንኳ የላትም፤ ቀይ ቁጥር ብቻ፣ ወደ ላይ ሲፈስ።
እንደ ዕውር ቆምኩ ደጇ፤ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ተነነ፣
ለካ ያ የናቅሁት መርፌ፣ ዛሬ ለእኔ ዓይን ሆነ።

«እሳት ካየው ምን ለየው» ይባላል፤ እኔም አምኜ ነበር፤
በማግስቱ ስንከፍት፣ ባሪየሙ ጥሎን ሄዷል፣
በንኖ፣ ሳይሰናበት። የቀረው ገላ ተሰንጥቆ፣
ጠርዙ እንደ አሮጌ ኖራ፣ ሳህኑ ላይ ተልጦ ወድቆ።
ሁለተኛው ተጣመመ። ሦስተኛው ከሳህኑ ተጣብቆ ቀረ።
አራተኛው ለሁለት። ስለ አምስተኛው አልናገርም፤
በእጄ ነው የተሰበረ።

ስስ ዕቃ ስንጠብስ ድሮ፣ በአሸዋ ነበር የምንቀብረው።
«ከዚያው ከራሱ ዱቄት አልብሱት» አልኩ፤ «ዘመዱ ይክበበው፤
ጎረቤቱ ከሞላ፣ እሱስ ለምን ይሰደዳል?»
ልዬዶ ሳቀች፦ «ይሄማ በመጽሐፍም ተጽፏል።»
«እንግዲያው መጽሐፉ ከሸክላ ሠሪ ሰምቷል።»

በገዛ አፈሩ ቀበርነው። ኒኬል ቆነጠርን፣
ለሩዝ እንደሚቆነጠር ሳፍሮን፤
እሳቱንም ዝቅ አደረግን።

ሰኞ ከፈትን። ጠርዙ ሙሉ፤ ሲነኩት እንደ ደወል፤
ይህን ድምፅ ጆሮዬ ያውቀዋል፤ ማን ያታልለዋል?

ማታ በወረቀት ሣለችልኝ የውስጡን ነገር፦
«ኢትሪየም፣ የዚርኮኒየምን ወንበር ሲይዝ፣
እጁ አጭር ነው፤ ዕዳውን ሞልቶ አይከፍልም፤
አንድ ኦክስጅን ቤቱን ይለቃል፤ ያ ቤት ተከራይ አያገኝም፣
እንፋሎት እስኪመጣ። ያኔ ውሃው በዚያ ባዶ ይገባል፤
ፕሮቶኑም ከኦክስጅን ወደ ኦክስጅን እየዘለለ ያልፋል።»

«ባይጎድልስ?» አልኳት።
«ባይጎድል፣ መንገድ የለም» አለች።
ዝም አልኩ። እጅጌዬን ሳብኳት፤ እንደ ሁልጊዜዋ አጠረች።

ሐሙስ ከሰዓት፣ ሃይድሮጅን በአንድ ወገን፣ በሌላው አየር ለቀቅን፤
ቮልቱ ከአንድ በታች ቆመ፤ ለእጅ ባትሪ የማይበቃ፤
ልጆቹ ግን ተቃቀፉ፤ እኔንም ጎተቱኝ፤ አብረን ሳቅን።

ሁሉም ለምሳ ሲወጡ፣ በአየሩ ወገን፣ ከመውጫው ቱቦ ጫፍ፣
ብርጭቆው ላይ ላብ የመሰለ ጤዛ አየሁ።
በጣቴ ነካሁት። ቀመስኩት። ውሃ ነው፤ ጣዕም የለውም፤
ወቅጬ እንዳገኘሁት ግን አውቃለሁ።