አንቺ ስልህ

ዓርብ ዕለት ከጀህራ ገበያ፣ አምስት ሆናችሁ በካርቶን፣
ቀለም ተነክራችሁ መጣችሁ፤ ሁለት ሮዝ፣ ሁለት ብርቱካን፣
አንቺ አረንጓዴ፣ ብቻሽን።

ደሃም አምስት ዓመት ሊሞላው ነው፤ እጁ መውደድ እንጂ መያዝ አያውቅም፣
አንዷን ኪሱ ከተታት፣ አንዷን መኪናው ላይ ጫናት፤ ክፋት አስቦ አይደለም።
ቅዳሜ ሦስቱ አለቁ፣ እሑድ ማለዳ አራተኛዋ፣
አንቺ ቀረሽ፣ ክንፍሽ ወድቆ፣ ዓይንሽ ተከድኖ፣ የመጨረሻዋ።

«ጣያት» አለች ኡም ደሃም፣ ከስልኳ ቀና ሳትል፤
«ለሩብ ዲናር ጫጩት ማን እንቅልፍ ያጣል?»
እሺ አልኩ። በዚህ ቤት «እሺ» ስል ሰባት ዓመት አልፎኛል፤
እሺ ያልኩትን ሁሉ አድርጌ አላውቅም፤ ይህን ማን ያውቅብኛል?

ውጭው ሃምሳ ዲግሪ፤ አስፋልቱ እንደ ሊጥ የሚላላበት፣
ውስጡ ኤሲ ነው፤ ሌት ተቀን የማያባራ ክረምት፤
እኔ ሐምሌን በካልሲና በሹራብ ነው የምገፋው፣
አንቺ የሦስት ቀን ነፍስ፣ ምን ለብሰሽ ልታልፊው?
ኩዌት ላይ ብርድ ገደላት ብል፣ ሐርቡ ማን ያምነኛል?

ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገባን፣ ከማድረቂያው ጎን፣
ከበሮው ሲዞር የሚግለውን ቆርቆሮ ተጠግተን።
በማይክሮዌቭ አሙቄ፣ ካልሲ ሙሉ ሩዝ፣
ደረትሽ ስር ሰደድኩት፣ እናት ባይሆንም እንዲያግዝ።
ኩስሽ ደርቆ መውጫሽን እንደ ሰም ቢያሽገው፣
ለብ ባለ ውሃ በጥጥ፣ እስኪለቅ አራስኩት፤
ከጎተቱትማ ቆዳ ይዞ ነው የሚመጣው።
ይህን ያየሁት ከእህቴ ከሉባባ ነው፤ ሰላሳ ጫጩት አሳድጋ፣
ሰባቱን ጭልፊት፣ ሦስቱን ሽልምጥማጥ፣
የተረፉትን ሸጠቻቸው፣ ለፓስፖርቴ ዋጋ።

ስኳር በጥብጬ፣ ጨው ቆንጥሬ፣ ከጥጡ ጫፍ በጠብታ፣
በምንቃርሽ ጎን አንድ፣ ቆይቶ አንድ፣ ቤቱ ሲተኛ ማታ።
በማግስቱ የእንቁላል አስኳል ፈርፍሬ አቀረብኩ በጣቴ፤
የእህትሽ ሊሆን ይችል ነበር፤ አፈርኩ፤ ቢሆንም «ብይ» አልኩሽ፣ «በሞቴ»።

እኔም እዚሁ ፍራሽ ላይ በትኩሳት ስነድ አንድ ሰሞን፣
ሾፌሩ ናዚር ነው በበሩ ስር ያሾለከልኝ ሁለት ፓናዶልን።
ሳልመልስለት ኬራላ ገባ፤ ደብዛው ጠፋ፣ ቀረ፤
ዕዳው ግን ወዳንቺ ዞረ።

ሦስተኛው ሌሊት፣ ማድረቂያው ቆሞ፣ ክፍሉ ጭው ባለበት፣
«ጪው» አልሽ።
አንዴ።
አፌን በፎጣ ይዤ ሳቅኩበት።

ከዚያ ወዲያ አረንጓዴሽ ከክንፍሽ ጫፍ ይራገፍ ጀመር፣
ከስሩ ነጭ ወጣ፤ ማንም ያልነከረው፣ ድሮም የነበር።

ሁለት ወር አልፎ፣ ከጣራው ላይ፣ ከታንከሩ ጥላ ስር፣
ለፈጅር አዛን ሳይባል፣ የጎረምሳ ድምፅ፣ ሻካራ፣ የሚሰነጠር፦
«ኩ… ኩኩ… ሉ!»

እርጥብ አንሶላ እንዳቀፍኩ ቆምኩ። አንተ ነህ ለካ!
አንቺ ስልህ፣ እሙዬ ስልህ፣ አንድ ቀን እንኳ
አላረምከኝ።

ደሃም በደስታ ጨፈረ፤ እናቱ ጆሮዋን ያዘች፣
«ዓርብ ለወፍራ፣ ለወንድሜ እርሻ ይሂድ» ብላ በየነች።

ዓርብ መጣህ፣ ዓርብ ትሄዳለህ። ካርቶኑን በሚስማር በሳሁልህ፣
ካልሲውን ከነሩዙ፣ ባያስፈልግህም፣ ከስርህ አስገባሁልህ።
እዚያ ቢላ አለ፣ አውቃለሁ፤ ጥላም አለ፤ ዶሮዎችም ሞልተዋል፤
ስለ ማድረቂያው ብትፈልግ አውራላቸው፤ ማን ያምንሃል?
አንቺ ስልህ መኖሬን ግን ዋጠው፤ ይስቁብሃል።