ከዚህ ቀደም ካሣ

በግንቦት አጋማሽ፣ ላህ በከሳበት፣
ድንጋዩ ገርጥቶ ጨርቅ በሚሰጣበት፣
መጣ የመድን ሰው ሜትሩን ጠቅልሎ፣
«ውኃ ሳይቀድማችሁ እንቅደመው» ብሎ።

ቢያድግልኝ ይባላል፤ የቡሬ ልጅ፣ ቀጠን ያለ ሰው፤
ገና ከደጃፉ ዱቄት አስነጠሰው።
«ይማርህ» አልኩና በርጩማ ሳብኩለት፤
ቅጹን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ፣ ቀን ጻፈበት።

«አድራሻ?» — ፍኖተ ሰላም፣ ከድልድዩ ግርጌ፣ ወንዝ ዳር፤
መንገድነቱን ውኃም ያውቃል፣ ሰላሙን ትቶ ከዳር።
«ግንቡ?» — ብሎኬት ነው፣ ከወገብ በላይ ጭቃ።
«ሞተሩ?» — የአባቴ፤ ሲያስል ነው ሰፈሩ የሚነቃ።
«ድንጋዩስ ስንት ያወጣል?» — አልተመንኩትም፤
ጥርሱን ወቀርኩት እንጂ ለገበያ አላወጣሁትም።

«ከዚህ ቀደም ውኃ ቤቱ ገብቶ ያውቃል?»

እዚህ ላይ ዝም አልኩ።
ኖራው ያውቃል።

አባቴ በሞተ ዓመት፣ ልንሸጠው ስናስብ፣
ሁለት እጅ ኖራ ቀባንበት፣ ገዢ እንዳያነብ።
ከኖራው ሥር በምስማር የተጫረ መስመር አለ፣
ከበርበሬው ወፍጮ አፍ ጋር እኩል የዋለ፣
«የሐምሌ ገብርኤል ማግሥት» የሚል፣ በአባቴ እጅ የተሳለ።

ብናገር አረቦኑ ይወጣል፣ ብደብቅ ውሉ ይፈርሳል፤
ይህን የነገረኝ ልጁ ራሱ ነው፤ «ኋላ ማን ያለቅሳል?»

ተነሣሁ። መወቀሪያዬን ከመስኮቱ ደፍ አነሣሁ፤
ኖራውን ገሸለጥኩ፣ የአባቴን ጽሕፈት አስነሣሁ።
እሱም ሜትሩን ከወለል እስከ ጭረቱ ዘረጋ፤
«አንድ ሜትር ከአርባ» አለ፤ ከመስመሩ ጋር ወጣ ዋጋ።

ገጹን ገለጠ።
«ከዚህ ቀደም ለጎርፍ ካሣ ተቀብላችኋል?»
— አዎ።
«መቼ?»
— በዓመቱ፣ ሰኔ ላይ።
«ስንት?»
— አንድ። ዘንድሮ ሠላሳ አንድ ዓመት ይሞላዋል፤
ያውና ከጓሮ፣ ጆንያ ይሰፋል።

ብዕሩ ቆመ።

ታላቃችን አንሙት ይባል ነበር፤ ላህ ግን ስም አያነብም፤
ጆንያ ላድን ብሎ ገባ፤ ጆንያው ተገኘ፣ እሱ ግን እስካሁንም።
በዓመቱ እናቴ ወንድ ወለደች፣ ገና ጥቁር ለብሳ፤
አዋላጇ ስሙን ስትጠይቃት እንዲህ ብቻ አለች፦ «ካሣ»።
ከማን ተቀበለች? ማን ገመተ? ማን ፈረመላት?
እንጃ። ደረሰኝ አልነበራት።

ልጁ ጫማውን ሲያይ ቆየ።
«እኔም» አለ ቀስ ብሎ፣ «ከሦስት ቀብር በኋላ ነኝ»።
ስሙን ያኔ ሰማሁት፤ ቀድሞ ጆሮዬን አልፎኝ።

ከዚያ ቅጹ ላይ «የለም» ብሎ ጻፈ። አልተቀየምኩትም፤
ለመልሱ የተተወው ቦታ ከአንድ ጣት አይበልጥም።

ፈረምኩ። ካሣም ምስክር ሆነ፤ ዱቄት ነበር ጣቱ፤
ነጭ አሻራ ቀረ ከወረቀቱ።
«ውሉ የሚጸናው» አለ ልጁ፣ «ከሠላሳ ቀን ወዲያ ነው»።
ሠላሳ ቀን! ይህን ለላህ ማን ይንገረው?

ሰኔ ገባ። ሌሊት ቆርቆሮው ሲነጋገር፣
እነቃለሁ እኔ ቀን ስቆጥር።
ሃያ ሰባት።
ሃያ ስምንት።

በሃያ ዘጠነኛው ሌሊት ላህ ደረጃው ድረስ ወጣ፤
በፋኖስ አየሁት፤ ግንዲላና የሰው ነጠላ ጫማ ይዞ መጣ።
ካሣ ወደ ጆንያው ሲሮጥ ሸሚዙን ጨምድጄ ያዝኩት፤
«ተወው! ይውሰደው!» ብዬ ጮኽኩ፤ ድምፄን ራሴ አላወቅኩት።
ወንድሜ ዞሮ አየኝ፣ ምንም አላለ፤
ልቡ ግን በጨርቁ ውስጥ መዳፌን ይመታ ነበር፣ እንደ ታሰረ በቅሎ እየዘለለ።

ንጋት ላይ ውኃው ተመለሰ፣ ሁለት ደረጃ ሙሉ ትቶ ጭቃ።
ካሣ ሞተሩን አስነሣው።
ሳለ።
ሰፈሩ ነቃ።