ዋስ ጥራ

እንጀራዬ ድምፅ ነው፤ የፍርድ ቤት ድምፅ፣
ተቀርፆ የሚመጣ፣ የሚከፈል በገጽ።
የከሳሽን ሳል፣ የተከሳሽን ዝምታ፣
የዳኛውን እስክሪብቶ ጠረጴዛ ሲመታ
ከጆሮዬ ወደ ጣቴ፣ ከጣቴ ወደ ወረቀት
ሳሻግር ነው የምውል፣ ከጠዋት እስከ ምሽት።

አሮጌው ማዳመጫ ሽቦው ተልጦ ሲያበቃ
አራዳ ጠየቅሁ፤ «አሥራ አራት ሺ፣ ኦሪጅናል ዕቃ፣
የዓመት ዋስትና አለው፣ ማኅተሙ ይኸው» አሉኝ።
አሥራ አራት ሺ! የሁለት ወር ቀለቤ መሰለኝ።

ዱባይ ግን ስምንት ነበር።
በስልኬ አየሁት፤ ዋጋው ላይ ቀይ መስመር፣
ከሥሩ ሌላ ዋጋ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ቁጥር።
የሚስቴ አክስት ልጅ ሙሉዓለም፣ ሻርጃ የሚሠራ፣
በካርዱ ገዛልኝና ለአንድ ሻንጣ አመላላሽ አደራ
ሰጠው፤ ሰውየው ከካልሲ መሐል ጎልጉሎ
አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ አስረከበኝ፣ «ቀረጥ አልነካውም» ብሎ።

ስድስት ሺ ብር ተረፈኝ! ያን ማታ
ለሚስቴ ሦስት ጊዜ ነገርኳት፤
በአራተኛው መብራቱን አጠፋችው በእርጋታ።

ድምፁስ!
የምስክር ምራቅ ሲዋጥ፣ ወንበር ሲንቀሳቀስ፣
አንዲት እናት በአፍንጫዋ እንባዋን ስትመልስ፣
ያልተጠየቀው ሁሉ፣ ያልተመለሰው ሁሉ
ተሰማኝ። (አልጻፍሁትም፤ ለእሱ አይከፍሉም አሉ።)

በአራተኛው ወር፣ ሐምሌ፣ ጉሙ ከጎሃ ወርዶ
አራዳን ሲያለብሳት፣ መብራት መጥቶ፣ ሄዶ፣
ግራው ጆሮ ጸጥ አለ።
አልጮኸም፣ አልተንኮሻኮሸም።
ሟች እንኳ ያቃስታል፤ እሱ ዝም አለ።

ሳጥኑን ከአልጋ ሥር ጎተትሁ። በስምንት ቋንቋ የተጻፈች፣
እንደ ክታብ የታጠፈች
ወረቀት ነበረች ውስጡ፤ አማርኛ የለባትም።
ጻፍሁላቸው። «ውድ ደንበኛ» አሉኝ፤ ስሜን ግን አልጠሩትም።
«ዋስትናው የሚጸናው ዕቃው በተሸጠበት አገር ነው።
እርስዎ ባሉበት ወኪል የለንም። ይዘው ይምጡ ወይም ይላኩት፤
ደረሰኙም በስምዎ ይሁን።»

ደረሰኙ በሙሉዓለም ስም።
ሙሉዓለም ሻርጃን ለቆ ኳታር ገብቷል፤ ስልኩም አይሠራም።
ፖስታ ቤት ያለችው ልጅ ሚዛን ላይ አስቀምጣ
«ስድስት ሺ ሁለት መቶ» አለች።
ያተረፍሁት ብር አድራሻውን አውቆ መጣ።

በዚያው ሰሞን፣ በአንድ ጆሮ፣ አንድ መዝገብ ሳዳምጥ ሳለሁ
ዳኛው የጭልጋውን ልጅ «ዋስ ጥራ» አሉት።
«አለኝ» አለ፣ «እጠራለሁ።»
«የት ነው ያለው?»
«ከመተማ ማዶ፣ ክቡር ዳኛ። ሀብታም ነው፤ ስሙ የታወቀ ነው።»
«እዚህ መጥቶ ካልቆመ» አሉ ዳኛው፣ «ታዲያ ምንህ ነው?»
ችሎቱ ሳቀ።
ሳቁ በቀኝ በኩል ብቻ መጣ።
ጣቴ «ዋ» ላይ ቆመ፤ «ስ»ን ለመምታት ጊዜ ወሰደ።

የአትጠገብ ሱቅ ከደረጃው ሥር ነው፣ ከፀጉር ቤቱ አጠገብ፤
ደንበኛ ሲገባ እሷ መቆም አለባት፣ ቦታው እንዲበቃ ለሰው ወገብ።
ቀኙን ሳትነካ ግራውን ከፈተችው፤
መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ በዓይኗ ጫፍ አየችው።
«ፀጉር የመሰለች ሽቦ ናት፤ ፋብሪካው አላጠበቃትም።»
መበየጃዋ ጭስ አወጣ።
«ሁለት መቶ ሃምሳ። ድጋሚ ከተቋረጠች አላስከፍልም።»
«ዋስትና አለው?» አልኳት፣ ግማሹ ለቀልድ።
ቀና አለች፤
«እኔ ወዴት እሄዳለሁ? በሩ ይኸው።
ካጣኸኝ ፀጉር ቤቱን ጠይቅ።
ኅዳር ስድስት ግን ቁስቋም ነኝ፤ ያን ቀን አትልፋ።»

ግራው ዛሬ ይሠራል። ትንሽ ይንሾካሾካል፤
ዝናብ ሲመጣ ከእኔ ቀድሞ ያውቃል።

ትናንት የጭልጋው ልጅ መዝገብ ተመልሶ መጣ።
ዋስ አግኝቷል፤ ጎረቤቱ፣ ጠላ ሻጭ፣ አንዲት ሴት።
ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው፤ የቆመችው ከማይክሮፎኑ ርቃ።
ስሟን ስትናገር አቁሜ፣ መልሼ፣
አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ አዳመጥሁት፤
ፊደል እንዳልስት።